የሻምበል ተያዥ

ትርሓስ ሰው አታምንም። በዚህ የሚያማት የለም፤ ሠፈሩ እንደ ቁመቷ ለምዶታል። ወተት ስትገዛ አሽትታ ነው፤ ቲማቲም ከገዛች ቤቷ ባለችው ሚዛን ደግማ ትመዝናለች። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝላት ሁለተኛ ሐኪም ጋ ትሄድና "የመጀመሪያው ምን ያዘዘልኝ ይመስልሃል?" ብላ ትጠይቃለች። የሁለቱ መልስ ከገጠመ ትውጣለች፤ ካልገጠመ ዝንጅብል አፍልታ ትጠጣለች።

ይህን ያመጣባት ሥራዋ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ስትከፍት፣ ፋይል ስትዘጋ፣ የጠፋ ፋይል ስታፈላልግ ኖራለች። የስንቱን የሐሰት ዲፕሎማ በአፍንጫዋ ለይታ አውጥታለች። ማኅተሙ ላይ ጎንበስ ትልና "ይሄ ቀለም ከሰኔ ወዲህ ነው የደረቀው" ትላለች። ሲጣራ ከሰኔ ወዲህ ሆኖ ይገኛል። አለቃ ይሾማል፣ አለቃ ይሻራል፤ እሷና የብረት መደርደሪያዎቿ ግን ንቅንቅ ብለው አያውቁም።

በዚህ ዓለም ላይ ያለ ማስረጃ ያመነችው ፍጡር ቢኖር ሻምበል ነው። ሻምበል ውሻዋ ነው። ባሏ ባረፈ በዓመቱ፣ በክረምት፣ ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ አሮጌ ሰነድ በሚከማችበት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተኝቶ የአንድ ጡረተኛ ፋይል ሽፋን ሲያኝክ አገኘችው። ሰው ያን ቢያደርግ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበር የሚጠብቀው። እሱን ግን በሹራቧ ጠቅልላ ቤቷ ወሰደችው። ይኸው አምስት ዓመቱ፤ ቡናማ፣ ደረተ ሰፊ፣ አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንድ ጆሮው የተኛ ውሻ ሆኗል። ማታ ከሥራ ስትገባ የእግሯን ኮቴ ከመንገዱ ጥግ ይለያል።

"ውሻ ፎርጅድ አይሠራም" ትላለች ሰው ሲያነሣባት። "ከወደደህ ወደደህ ነው። ከጠላህም ፊት ለፊት ነው።"

ፊት ለፊት ያለችው ነው በኋላ ጉድ የሠራት።

ከመስቀል በኋላ ልጇ ራሄል የተከራየችበት ግቢ ለልማት ተነሣ። ራሄል ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ፍሪጅና የሰባት ዓመቷን ጦቢያን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። ጦቢያ ደግሞ ዱቄት የምትባል ነጭ ድመት ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። አባቷ ከቤት ከወጣ ወዲህ ልጅቷ ያለዚህች ድመት እንቅልፍ አይወስዳትም።

ሻምበል ድመቷን አየ። አልጮኸም። ጅራቱም አልተነቃነቀም። እንዲሁ አየ።

በማግስቱ ዱቄት ኩሽና ጣራ ላይ ወጥታ አልወርድም አለች። በሦስተኛው ቀን ከጅራቷ ጫፍ ላይ ፀጉር ጎደለ። ትርሓስ ወዲያው ድመቷን ጠረጠረች። "ነገር የፈለገችው እሷ ናት" አለች። "ይሄ ውሻ ዝንብ አይነካም። ዓይኗን እዪው እስቲ፣ የቅን ሰው ዓይን ነው?"

"እማዬ፣ ድመት ናት እኮ" አለች ራሄል።

"እሱን ነው የምልሽ።"

ሮዝ ፋይል አውጥታ ከፈተች። ሽፋኑ ላይ "ጉዳዩ፦ በሻምበልና በዱቄት መካከል ስለተፈጠረው አለመግባባት" ብላ ጻፈች። ከዚያ ሁለት ቅዳሜ ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ ተከታተለች። የልቧ ሐሳብ ድመቷን እጅ ከፍንጅ መያዝ ነበር።

የያዘችው ሌላ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ዱቄት ከቧንቧው ሥር ውኃ ትልሳለች። ሻምበል ጥላው ላይ የተኛ መስሎ ተዘርግቷል። አንድ ዓይኑ ግን ክፍት ነው። ሆዱን መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እንደ ጥላ ተጠጋ። አምስት ዓመት አብራው የኖረችው ውሻ እንደዚህ ዝም ማለት እንደሚችል ትርሓስ አታውቅም ነበር። መስኮቱን ከፍታ "ሻምበል!" እስክትል ድረስ ዱቄትን ከጭኗ ይዟታል። ከደረጃው ላይ የተቀመጠችው ጦቢያ ቀድማ ደርሳ እጇን መካከላቸው አስገባች። ድመቷ አመለጠች። የጦቢያ አውራ ጣት ሥር ግን ሁለት ስፌት ተሰፋ።

ሻምበል ክትባቱ አልተጓደለም፤ ሐኪም ቤቱም ቁስሉን አጥቦ፣ ሰፍቶ፣ ወረቀት ሰጥቶ ሸኛቸው። ትርሓስ ያን ወረቀት ሮዙ ፋይል ውስጥ አላስገባችውም። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከመነጽር ማኅደሯ ሥር አኖረችው። ለምን እንደሆነ ራሷንም አልጠየቀችም።

የእንስሳት ሐኪሙ እንዲህ አላት፦ "እናቴ፣ ይሄ ጥላቻ አይደለም። ለሱ ድመት ማለት የሚታደን ነገር ነው። በዚህ ዕድሜው የሚያስተወው የለም። ወይ ታስሮ ይኖራል፣ ወይ ከሁለቱ አንዱ ይሄዳል።"

ወጥታ ሁለተኛ ሐኪም ጋ ሄደች። "የመጀመሪያው ምን ያለኝ ይመስልሃል?" አለችው። መልሱ ገጠመ።

አሰረችው። ሻምበል በሰንሰለቱ ልክ ክብ እየሠራ ሲዞር ዋለ፤ በሳምንቱ ሣሩ አልቆ አፈሩ ተላገ፣ አንገቱ ላይ ፀጉር ሳሳ። ራሄል ደግሞ አንድ ማታ ራት ላይ ድምፅዋን ሳትጨምር "እማዬ፣ ሰንሰለት አንድ ቀን ይበጠሳል። ኅዳር ሳይገባ ካልሄደ ልጄን ይዤ እኔ ቤት እፈልጋለሁ" አለች።

ራሄል የማታደርገውን አትናገርም። ትርሓስ ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፋይሉን ሳትዘጋው ተኛች።

ራሄል ማስታወቂያውን በቴሌግራም ለቀቀችው። በመጀመሪያ የመጣው ኤልዳድ የሚባል የኦሎምፒያ ልጅ ነው፤ ጫማው ከዱቄት የነጣ።

"ማዘርዬ፣ ምንም አያስቡ" አላት። "በቃ፣ እኔ ጋ ላይፉ ነው የሚቀየረው።"

"የት ነው የምታኖረው?"

"እኔ ጋ።"

"አንተ ጋ የት?"

"ማለቴ፣ አንድ ጓደኛዬ ግቢ አለው።"

"ጓደኛህ ማን ይባላል?"

ኤልዳድ ወደ ሰማይ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሻምበልን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ጥርሱን ተመለከተ። ትርሓስ ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። ጥርስ የሚያይ ሰው ወይ ሊያዋጋ ነው፣ ወይ ሊሸጥ። ፋይሉ ላይ "ማስረጃው ያልተሟላ" ብላ ጻፈችበት።

ሁለተኛዋ ሴትዮ ውሻውን ሳታይ በስልክ ተስማማች። ሳያይ የሚስማማ ሰው ለትርሓስ ሳይነበብ እንደሚፈረም ደብዳቤ ነው፤ እሷም ውድቅ ተደረገች። ከዚህ በኋላ ትርሓስ አዲስ መመሪያ አወጣች፤ ሻምበልን የሚወስድ ሰው ተያዥ ያመጣል።

"እማዬ፣ ተያዥ?" አለች ራሄል። "ለውሻ?"

"ለሰውየው። ቤት ሠራተኛ ስንቀጥር ተያዥ እንጠይቅ የለ? ዘበኛው፣ ሾፌሩ፣ ገንዘብ ያዡ ሁሉ ተያዥ አለው። የኔን ልጅ የሚወስድ ሰው ብቻ ነው እንዲያው በባዶ እጁ የሚመጣው?"

"ልጅሽስ እኔ ነኝ።"

"አንቺንም ያለ ተያዥ ሰጥቼ አየሁት እኮ።"

ራሄል ሳትወድ ሳቀች።

ሦስተኛው ሙክታር ነው። ላንቻ የስፖንጅ ፍራሽ መጋዘን አለው፤ ወሬውን ከመሥሪያ ቤቷ ጥበቃ ሰምቶ በቅዳሜ ጠዋት መጣ። ሃምሳ የዘለለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውሻው አልሄደም፤ ውሻው ነው ሰንሰለቱ እስኪወጠር ድረስ ሄዶ ያሸተተው።

ትርሓስ መነጽሯን አስተካከለች። "አቶ ሙክታር፣ እርስዎ ሙስሊም ነዎት።"

"አልሐምዱሊላህ።"

"ሙስሊም ደግሞ ውሻ ቤቱ አያስገባም።"

"ልክ ነው። እኔም ቤቴ አላስገባውም፤ ለመጋዘን ነው። ለጥበቃ ከሆነ በኛም ዘንድ ችግር የለውም። ምራቁ ሲነካኝ እታጠባለሁ፣ በቃ።"

"ድመትስ አለዎት?"

"ባለቤቴ ሁለት አላት።"

ትርሓስ ፋይሉን ልትዘጋ አነሣችው።

"ቤቴ ሰንጋ ተራ ነው፣ ኮንዶሚኒየም" አለ ሙክታር ሳይቸኩል። "መጋዘኑ ላንቻ ነው። ድመቶቹ ታክሲ አይሳፈሩም።"

"የፍራሽ መጋዘን ያለ ድመት? አይጡስ?"

"ስፖንጅ ነው፣ እትዬ። አይጥ ምን ይበላዋል?"

"ለመብላት ማን አለ? ለመውለጃ ይፈልገዋል።"

"ወጥመድ አለኝ" አለ ሙክታር፤ ሌላ ነገር ሊጨምር አሰበና ተወው።

ያ የተወው ነገር ሳምንቱን ሙሉ ትርሓስን ከነከናት። ሰው የሚታወቀው በሌለበት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ የምሳ ሰዓቱ ረጅም ነው፤ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል። በዚያ ሰዓት ሙክታር ጁምዓ ይሄዳል፣ መጋዘኑ ባለቤት አይኖረውም። ይህን አስልታ ሁለት ታክሲ ቀይራ ላንቻ ወረደች።

በሩ ተዘግቷል፤ ክንድ የሚያክል ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ዞር ዞር አለችና በቆርቆሮው ቀዳዳ ዓይኗን አስጠጋች። መጀመሪያ እስከ ጣራ የተቆለለ ፍራሽ አየች። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሰንሰለት አየች። ከዚያ ጥጉ ላይ አንድ የቆርቆሮ ሳህን አለ፤ ውስጡ ነጭ ነገር።

ወተት። ይኸው ድመቷ።

"እትዬ ትርሓስ" የሚል ድምፅ ከጀርባዋ መጣ። "በሩ በዚያ በኩል ነው።"

ሙክታር ነው፤ ቆቡን እንዳደረገ ከመስጊድ እየተመለሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። ትርሓስ ዓይኗን ከቀዳዳው አንሥታ "ያ ሳህን የማን ነው?" አለችው።

ከፍቶ አስገባት። በሳህኑ ውስጥ ያለው የስፖንጅ ብናኝ ነበር፤ ወራት ሙሉ ከላይ እየዘነበ የተከማቸ። ሰንሰለቱ የበሩ የድሮ መቆለፊያ ነው፣ ጫፉ ላይ የዛገ ቁልፍ አለ።

"ሳህኑ የቡላ ነው" አለ ሙክታር። "ከዚህ በፊት የነበረኝ ውሻ። ሐምሌ ላይ ሞተ። ላነሣው እያልኩ ሳላነሣው ቀረሁ።"

"በምን ሞተ?"

"በዕድሜ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር።"

"ማስረጃ አለ?"

ሙክታር ተገርሞ አያት። ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ፈልጎ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ አራት ላይ የታጠፈ የክትባት ካርድ አወጣ። ትርሓስ ተቀብላው በር ላይ ወጣች፤ ፀሐይ ላይ ያዘችው፤ ገለበጠችው፤ አሸተተችው። አሥራ ሁለት ማኅተም አለው። የየዓመቱ ቀለም የተለያየ ነው፤ አንዱ ደብዝዟል፣ የሰባተኛው ዓመት ደግሞ ተዘቅዝቆ ነው የተመታው። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ማኅተም አይዘቀዝቅም፤ የሚዘቀዝቀው የደከመው ባለሙያ ነው። ከታች በእስክሪብቶ "የኋላ እግሩ ታሽቷል፣ አሥር ቀን ይረፍ" የሚል አለ።

ሰው የሞተ ውሻውን ካርድ በላስቲክ ጠቅልሎ ካስቀመጠ ምን ይባላል? ትርሓስ የምትጠረጥረው ነገር ፈለገች። አጣች። ማጣቷ ራሱ አስጠረጠራት።

"እሺ" አለች። "አሁን ተያዥ ያምጡልኝ።"

ሙክታር ሳቀ፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻውን ብቻ የሚያነቃንቅ ሳቅ። "እትዬ ትርሓስ፣ እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ነዎት፣ ሕግ ያውቃሉ። ተያዥ የሚያመጣው ማን ነው? ቀጣሪ ነው ወይስ ተቀጣሪ?"

ትርሓስ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

"ዘበኛ ስቀጥር ተያዥ የሚያመጣው ዘበኛው ነው። ይሄ ሻምበል የሚሉት ሊቀጠር ነው የሚመጣው። እዚህ ጫኝ አውራጅ አለኝ፣ ፍራሽ ሊያማርጥ ከነልጁ የሚገባ ደንበኛ አለኝ። ማንን እንደነከሰ እኔ በምን አውቃለሁ? እርስዎ እኔን በቀዳዳ ሳይቀር መረመሩ፤ ይመርምሩ፣ ቅር አይለኝም። እኔም ልጠይቅ። ለሱ ማን ይያዝለታል?"

ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ስትጠይቅ የኖረች ሴት በዚያ ቀትር ወረቀት ተጠየቀች። ቦርሳዋ በድንገት ከበዳት። ከመነጽር ማኅደሯ ሥር ያለችውን ታውቃታለች። ብታወጣት ሰውየው አልፈልግም ይላል፤ ኅዳር ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ ከሱ በኋላ ደግሞ ሌላ ማንም የለም። ባታወጣት ሻምበል ነገውኑ ከሰንሰለቱ ይፈታል። ደንበኛም ከነልጁ ይገባል፣ ይወጣል። የሰው ዲፕሎማ ስታሸት የኖረች ሴት ግማሹን የደበቀ ፋይል ይዛ እዚህ ቆማለች።

አወጣችው። ዘርግታ ሰጠችው።

ሙክታር ቀስ ብሎ አነበበ። አንብቦ ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ።

"የልጅ ልጄ ናት" አለች ትርሓስ። "ድመቷን ሲይዝ እጇን መካከል አስገብታ ነው። ሁለት ስፌት። ከዚያ በፊት ሰው ነክቶ አያውቅም። ግን ይሄንም ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም ነበርና፣ የኔ ቃል ስንት እንደሚያወጣ እርስዎ ይመዝኑት።"

ከውጭ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል። ሙክታር እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን አሳያት፤ ሦስት የቆዩ ነጫጭ ነጥቦች አሉ። "ቡላ" አለ። "እግሩን ሲያሹት እኔ ነበርኩ የያዝኩት።"

"ካርዱ ላይ የለም።"

"ሁሉ ነገር ካርድ ላይ አይገኝም፣ እትዬ።" ወረቀቷን አጥፎ መለሰላት። "ሕፃን የያዘ ደንበኛ ሲመጣ ከጀርባ አስገብቼ እዘጋበታለሁ። ድመት እዚህ አይገባም። ይሄንን ይጻፉትና ይፈርሙ።"

ጻፈች። "እኔ ስሜ ከታች የተመለከተው፣ ስሙ ሻምበል ለተባለው የጥበቃ ሠራተኛ ተያዥ ሆኛለሁ። ጥፋት ቢያጠፋ፣ ሥራውን ጥሎ ቢጠፋ ወይም ሥራውን መሥራት ቢያቅተው፣ በተጠራሁ ጊዜ ሁሉ ቀርቤ ኃላፊነቴን እወጣለሁ።" ሦስት ቅጂ አደረገችው።

እሑድ የሙክታር የጭነት መኪና መጣች። ሾፌሩ መንገዱን አይቶ እንዳይመለስ በጆንያ ይሁን አለ። ትርሓስ ጆንያውን ከእጁ ቀማችው፤ "ወንጀለኛ አይደለም" አለች። "መንገዱን ያየዋል።" ጦቢያ በታሰረው እጇ ሻምበል የሚተኛበትን ጨርቅ ይዛ መጥታ ለአያቷ ሰጠቻት፤ ወደ ውሻው ግን አልተጠጋችም። መኪናዋ ስትሄድ የቆመው ጆሮው ብቻ ከጎኗ በላይ ይታይ ነበር። ዱቄት ያን ቀን ከጣራ ወርዳ ግቢው መካከል ተዘረጋች። ትርሓስ አየቻትና ወደ ቤት ገባች።

ዓርብ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኳ ጮኸ።

"ወይዘሮ ትርሓስ፣ የያዙት ሠራተኛ አይበላም" አለ ሙክታር። "ተያዥ ይምጣ።"

ያዘጋጀችውን የምሳ ዕቃ አንጠልጥላ በረረች። ሻምበል ሲያያት ከቁመቷ በላይ ዘለለ። ሙክታር "እኔ ሰግጄ ልምጣ፣ እርስዎ አብረውት ይሁኑ" ብሎ ሄደ። የጾም ፍርፍሯን ከሳህኑ አደረገችለት፤ ላሰ፣ በላ፣ እግሯ ላይ ጋደም አለ።

በሚቀጥለው ዓርብ ስልኩ ጮኸ። አይበላም። በሦስተኛውም ዓርብ። የዚያን ዕለት ማታ ትርሓስ ሮዙን ፋይል ገልጣ ቀኖቹን አየች። ሐሙስ የሚበላ፣ ቅዳሜ የሚበላ ውሻ ዓርብ ዓርብ ብቻ እንዴት ምግብ ያስጠላዋል?

"ገባኝ" አለች ለራሄል። "ሰውየው ጁምዓ ሲሄድ መጋዘኑን በነጻ የሚያስጠብቅ ሰው አግኝቷል። እኔን ነው የቀጠረው።"

"ታዲያ አትሂጃ።"

"ተያዥ ነኝ፣ እንዴት ነው የማልሄደው?"

በአራተኛው ዓርብ ማስረጃ ልትሰበስብ ሄደች። ሙክታር ወደ መስጊድ እንደወጣ ዙሪያውን ማየት ጀመረች። ያ ክንድ የሚያክል ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። እዚያው ቆማ አየችው። ይሄ ቁልፍ እያለ ጠባቂ ምን ያደርግለታል? እሷ ከመምጣቷ በፊት ስንት ዓመት ዘግቶ ነው የሄደው። ከዚያ ግድግዳው ሥር ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ዓይኗ ወደቀ። የመጀመሪያው ዓርብ እዚያ ካርቶን ነበር፤ በሁለተኛው ለአንድ ሰው መቀመጫ ልክ የተቆረጠ ስፖንጅ ነበር። ዛሬ ስፖንጁ አበባ ያለው ጨርቅ ተሰፍቶለታል፤ አጠገቡ የሻምበል ጨርቅ ተነጥፏል። የወንድ ስፌት አይደለም። የድመቶቹ ባለቤት፣ የሙክታር ሚስት ስፌት ነው።

ተቀመጠችበት። ሻምበል መጥቶ ፊቷን ላሰ።

ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልቀመሰ የዓርብ አፍንጫ አይታለልም፤ ሥጋ ሸተታት። ሆዱን ዳበሰችው፤ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ከፍራሾቹ ሥር አየች፤ ገና ያልደረቀ የቅልጥም አጥንት በካርቶን ተሸፍኗል፤ ያውም ግማሹ ወጥቶ ይታያል። በዕድሜዋ ካየቻቸው የሐሰት ሥራዎች ሁሉ እንደዚህ በግዴለሽነት የተሠራ አላየችም።

የሙክታር እርምጃ ከውጭ ተሰማ። ትርሓስ አጥንቱን በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋችው። የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ የሻምበልን አፍ ዙሪያ አጥብቃ ጠረገች፤ ሥጋ እንዳይሸት። ፍርፍሩን ሳህኑ ላይ ደፋች።

"በላ?" አለ ሙክታር ቆቡን እያወለቀ።

"ጥቂት ቀመሰ።"

"እርስዎ ካልመጡ እኮ አይነካም።"

ትርሓስ ዓይኑን አየችው፤ ሻምበልንም አየችው። ሻምበል ከመጥገቡ የተነሣ የሚቆመውን ጆሮውን እንኳ ማቆም አቅቶታል።

"በሚመጣው ዓርብም እንዳይበላ እፈራለሁ" አለች።

"እኔም እሱን ነው የምፈራው" አለ ሙክታር፤ ቁልፉን ሊያነሣ ዞር ብሎ።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ባዶ የምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ፣ የነጠላዋን የቆሸሸ ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፋ፣ ወደ ታክሲው ሄደች።